ለብቻ የማይነፋ መለከት

ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ባለቤቶቹ በርታዎች ናቸው፤ ከአሶሳ ዙሪያ አንሥቶ ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ድረስ ይነፋል። አንገታቸው የረዘመ ቅሎች ተመርጠው ይደርቃሉ፣ ውስጣቸው ይጸዳል፣ ከዚያ አንዱ በሌላው ጫፍ እየተሰካ ቁመቱ ይጨምራል። ትልቁ የሰው ቁመት ያክላል፤ ትንሹ ክንድ ቢያክል ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ዓይን የሚገባው ቅርጹ ነው፤ ለሙዚቃ ሰው ግን የሚገርመው ሌላ ነው። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ሰው አንድ ዋዛ ይዞ ቤቱ ቢቀመጥ ቅሉን ያስጮኸዋል እንጂ ዜማ አይወጣለትም። ዜማ የሚወጣው ዐሥርም ዐሥራ ሁለትም ሰው መለከቱን ይዞ ሲሰለፍ፣ እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ ብቻ ሲነፋ ነው። አንዱ ጀምሮ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ያስከትላል፣ ወፍራሙ መለከት ከሥር ሆኖ ይደግፋል። ድምፆቹ በፍጥነት ስለሚከታተሉ ለሰሚው አንድ ሰው የሚጫወተው አንድ ዜማ ይመስላል። ነፊዎቹ ደግሞ ዝም ብለው አይቆሙም፤ እየተራመዱና እየዞሩ ነው የሚነፉት፤ ጨፋሪው ይከባቸዋል። አንዱ ነፊ ሐሳቡ ሄዶ ተራው ቢያመልጠው ዜማው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ያንን ቀዳዳ ጎረቤቱ ሊደፍንለት አይችልም፤ የእሱ ቅል ያ ድምፅ የለውምና።

ፋሽን፣ ምግብ፣ ሙዚቃና ፊልም ኅብረተሰብን ይቀርጻሉ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ መልእክታቸው ነው። ዘፈኑ ምን አለ? ፊልሙ ምን አስተማረ? ልብሱ ጨዋ ነው ወይስ ባለጌ? ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን ላይ ላዩን ናቸው። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ነገሩ እንዲሆን ስንት ሰው ያስፈልጋል? ዘፈኑ እንዲዘፈን፣ ወጡ እንዲበላ፣ ልብሱ እንዲለበስ፣ ፊልሙ እንዲታይ ስንት ሰው ከስንት ሰው ጋር መገናኘት አለበት? አሶሳንና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ይህ ጥያቄ እንደዚያ አገር ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ስለማላውቅ ነው።

ደገኛው አንባቢ ዋዛን እንግዳ እንዳያደርገው እምቢልታን ያስታውስ። የቤተ መንግሥቱ እምቢልታ ለብቻው አይነፋም ነበር፤ ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት፣ እያንዳንዱም የየራሱን ጥቂት ድምፅ ይዞ። በደቡብ የደራሼዎች ፊላም እንዲሁ ነው፤ ሸምበቆው ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ዜማው በመቀባበል ይሠራል። ልዩነቱ እምቢልታ ንጉሥን አጅቦ ሲሄድ ዋዛ አጅቦ የሚሄደው ማሽላን መሆኑ ነው። ዋዛ የመኸር ሙዚቃ ነው። ነፊዎቹም ገበሬዎች ናቸው፤ እህሉ ሲገባ፣ እጅ ሲፈታ፣ ቅሉ ከተሰቀለበት ይወርዳል። እንግዲህ ሙዚቃው ዐሥራ ሁለት ሰው ብቻ ሳይሆን ዐሥራ ሁለት ሰው በአንድ ወቅት ሥራ የሚፈታበትን የእርሻ ሥርዓትም ይጠይቃል። ከመካከላቸው አራቱ ለወርቅ ቁፋሮ ቢወጡ፣ ሁለቱ ከተማ ገብተው ባጃጅ ቢነዱ፣ የቀሩት ስድስት ሰዎች ግማሽ ባንድ አይሆኑም። ዜማ የሌላቸው ስድስት ሰዎች ነው የሚሆኑት።

ኪቦርድ የመጣው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ እንደሆነው ሠርጉን አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ ሲይዙት፣ ከበሮውም ባሱም ክራሩም ከአንድ ሳጥን ይወጣል። ኪቦርዱን ልወቅስ አልፈልግም። ርካሽ ነው፣ በፒካፕ ይጫናል፣ ብዙ ሰው መጥራት ሳያስፈልግ ይደርሳል። ደግሞም ሰው የሚወደውን ያመጣል፤ አሶሳ ላይ ያ የሚወደድ ነገር ብዙ ጊዜ የሱዳን ዜማ ነው። የኛም የሱዳንም ዘፈን በአመዛኙ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ስለቆመ ጆሮ አይጎረብጠውም። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በሱዳን እንደተወደዱ፣ መሐመድ ወርዲም እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ መጥቶ ሲዘፍን የተቀበለው ሕዝብ ዐረብኛውን ሳያውቅ ዜማውን ያውቀው ነበር። በአሶሳ ይህ መቀባበል የስታዲየም ኮንሰርት አልጠበቀም። ኩርሙክ ድንበሩ ላይ፣ ከአሶሳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው ያለችው፤ አዲስ አበባ ግን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ካሴት የሚመጣው ከሚቀርበው ነበር።

የጠፋው ታዲያ ምንድን ነው? ዜማው አይደለም፤ የዋዛን ዜማ ኪቦርድ ሊቀዳው ይችላል። የጠፋው አብሮ የመቆም ግዴታ ነው። ዋዛ የሚነፋ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው መስማት አለበት፤ ካልወደደውም መስማት አለበት። ተጣልተው የከረሙ ሁለት ሰዎች ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ቢሰለፉ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀባበሉ ያድራሉ። ኪቦርዱ ይህን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ፤ እዚያ ነገሩ ይወሳሰባል።

በአሶሳ ዙሪያ የበርታ ቤት የዘወትር ምግብ የማሽላ ገንፎ ነው። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ ይበተንበታል፣ በእንጨት ማማሰያ ይገነፋል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ክንድ ያለው ብቻ ነው የሚያገላብጠው። ሲወርድ ወጡ ይከተላል። ወጡ ባሚያ ነው፤ በርታዎች ኬንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። በክረምት ትኩሱ ይከተፋል፤ የተረፈው ተቆራርጦ በፀሐይ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ዱቄት ሆኖ ለበጋ ይቀመጣል። ያ ዱቄት የፈላ መረቅ ላይ ሲበተን ወጡ ዝልግልግ ይላል፤ በጣት ሲነሣ እንደ ክር ይሳባል። ለውዝ የተወቀጠበት እንደሆነ ደግሞ ይከብዳል፣ ይጣፍጣል። ሱዳኖችም የደረቀ ባሚያ ዱቄታቸውን ወይካ ብለው ከዓሲዳ ጋር ይበሉታል፤ ድንበሩ በእንግሊዝና በምኒልክ መካከል በ1902 እ.ኤ.አ. በውል ሲሰመር ድስቱ መሐል ላይ ነው ያለፈው።

በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ የመታቸው የወሎና የሌላ አካባቢ ገበሬዎች በደርግ የሰፈራ ዘመቻ ወደ ምዕራብ ተጫኑ። በአገር ደረጃ 600,000 ያህል ሰው ነው የተነሣው። ከፊሉ አሶሳ ዙሪያ፣ ከፊሉ መተከል፣ ፓዌ ወረደ። የአሶሳ መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ፤ አምባ ይባልና ቁጥሩ ይከተላል። ልክ ከመዝገብ ላይ እንደወረዱ።

እስቲ የወሎዋን እናት አስቧት። በእርሷ አገር ገንፎ የአራስ ቤት ምግብ ነው፤ መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ የሚሞላበት፣ ጎረቤት ሴት ሁሉ ተሰብስቦ የሚቀምሰው፣ እልልታ የሚከተለው። እዚህ ግን ሰው ሳይወለድ ገንፎ ይበላል፤ ወንዱም ይበላል፣ ማታም ይበላል፣ ቅቤ የለውም። የበርታዋ እናት ደግሞ እነዚህ እንግዶች ለአንድ ምሳ ሲሉ ሊጡን ሦስት ቀን አቡክተው የሚያኖሩት ለምንድን ነው ብላ ብትገረም አይፈረድባትም። እንጀራ ምጣድ ይፈልጋል፣ እርሾ ይፈልጋል፣ ማገዶውም ብዙ ነው። ገንፎ ግን ድስትና ጉልበት ነው።

በ40 ዓመት ውስጥ ምን ሆነ? መንግሥት አብረው እንዲበሉ አላዘዘም፤ ገበያው ግን አዘዘ። ሰፋሪው የቆላውን ማሽላ እንጀራ አድርጎ ጋገረው። የቀርከሃ እምቡጥ መብላትን ከነባሩ ሰው ተማረ። ቆላው ቀርከሃ ሽመል ይባላል፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ትልቁ የቀርከሃ ሀብት ያላት ስትሆን የቆላው ክፍል በብዛት ያለው በዚህ ክልል ነው። ክረምት ሲገባ፣ ጎተራ ሲራቆት፣ ከመሬት ብቅ የሚለው ለስላሳ እምቡጥ ይቆረጣል፤ ምሬቱ እስኪወጣ ይቀቀላል፣ ይከተፋል፣ የቀረው ይደርቃል። ማንጎውም የሁሉም ነው። አሶሳ ላይ የማንጎ ወቅት ሲደርስ ብሔር የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ሽሮና እንጀራ ከተማውን ያዙት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ እንደሆነው ሁሉ የምግብ ቤቱም የሥራ ቋንቋ እንጀራ ሆነ፤ ገንፎና ባሚያ ቤት ቀሩ። ይህን ያመጣው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 780 ሺህ ገደማ ሕዝብ አማራው አንድ አምስተኛ ያህል ነበር፣ በርታው ከእርሱ ይበልጥ ነበር። ነገሩ ማን ምግብ ቤት ከፈተ ነው። ገንፎ ደግሞ ለምግብ ቤት አይመችም። ቀዝቅዞ አይቆይም፣ ለአንድ ሰው ተቆርጦ አይቀርብም፤ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚመር ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። «አብሮ የበላ አይጣላም» የሚል ወግ አለን፤ መተከል ውስጥ እውነት ሆኖ አልተገኘም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሌሎች ግድያዎች ነበሩ። በአንድ ገበያ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ምግብ ሰውን ያቀራርባል የሚለውን በልክ ልንይዘው ይገባል። የገበያ ቅርበት የሚጠይቀው ሁለት ሰው ነው፤ ሻጭና ገዢ። እነዚህ ሁለቱ ጉዳያቸውን ጨርሰው ይለያያሉ። አብሮ መንፋትን ወይም አብሮ ማረስን ያህል አያስተሳስርም፤ መሬትና ሥልጣን ሲመጣ ይበጠሳል።

ከምግቡ ወደ ልብሱ ስናልፍም ብዙ ታሪክ ይገኛል። በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፁ የመሐመድ ዓሊ ጦር የሱዳኑን ሲናር ከያዘ በኋላ የወርቅ ፍላጎት ቤላ ሻንጉል ይባል ወደነበረው ወደዚህ አገር ተሳበ። ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎችና የሃይማኖት ሰዎች ከበርታ ባላባቶች ተጋቡ፤ ከዚያ የተወለደው ወጣዊት የሚባለው ወገን በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አገሩን ገዛ። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለዚህ አካባቢ የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ ላይ ጨውንና ወርቅን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥልጣን በዕቃ ይታይ ነበር። እኔ ግን ጨርቅን ብጨምርበት ደስ ይለኝ ነበር። በሲናር አገር ዳሙር የሚባለው የጥጥ ጨርቅ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበርና፤ በጀለቢያና በጥምጥም የሚሄድ ሰው ሀብቱን ለብሶት ነው የሚሄደው። የአሶሳው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን የዚህ ወገን ሰው ናቸው። አገሩ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምኒልክ ግዛት ሲገባ ወርቅ እየገበሩ ሥልጣናቸውን አቆዩ፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ መኖሪያ ነበራቸው።

ጀለቢያው የገዢ ልብስ ሆኖ ጀምሮ የሁሉም ሆነ። የሴቶቹ ቶብ ደግሞ ከእርሱ ይበልጥ ሥር ሰደደ። ቶብ አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። ወገብ ላይ ይጠመጠማል፣ በትከሻ ያልፋል፣ ራስ ላይ ያርፋል፤ መርፌም ቁልፍም የለውም፣ የሚይዘው የለባሽዋ ልምድ ብቻ ነው። ልጅቷ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ካልተማረች አይቆምላትም። ላይ ላዩን አይቶ የሚያልፍ ሰው ቶቡን «የሱዳን ነው» ሊለው ይችላል። ግን ከሦስት ትውልድ በላይ ስንት የበርታ ሙሽራ በቶብና በሂና ተድራለች?

ጉሙዞች ዘንድ ጌጡ ገላው ላይ ነበር። ፊትና ደረት ላይ በመብጣት የሚወጣው ጠባሳ ሰውን ከሰው የሚለይ ውበት ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ጎጂ ልማድ ተብሎ እየቀረ ነው፣ መቅረቱም ለጤና ይበጃል። የማይቀረው፣ ወይም እንዳይቀር የምመኘው፣ የሴቶቹ አሸካከም ነው። ደገኛዋ እንስራውን በጀርባዋ ታዝላለች፤ የጉሙዟ ሴት ግን ትከሻዋ ላይ ዘንግ አጋድማ ሸክሙን በሁለቱ ጫፍ አንጠልጥላ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መጽሐፉ የዚህ ድንበር ሕዝቦች ዕቃቸውን፣ ቤታቸውንና አኗኗራቸውን መንግሥትን ለመቋቋም እንዴት እንደተጠቀሙበት ይተነትናል። በሙሉ ባልስማማም ዓይን ይከፍታል፦ ሰው ዕቃውን የማይለውጠው ኋላ ቀር ስለሆነ ላይሆን ይችላል። አልፈልግም ማለቱ ሊሆን ይችላል።

እና ስክሪኑ። ለዚህ ክልል ፊልም ማለት በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ታሪክ ማየት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ምዕራቡ ድንበር አልደረሰውም ነበር። በኋላ በየከተማው ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ የሕንድ ዘፈንና የካራቴ ፊልም በሳንቲም ታየ። ሳተላይት ዲሽ ሲመጣ ዐረብኛ የሚሰማው ወደ ካርቱም ዞረ፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ ያልዞረው ሁሉ ወደ ኢስታንቡል ዞረ። ቪዲዮ ቤት ቢያንስ አንድ ነገር ነበረው፤ ሠላሳ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ይስቅ ነበር። ሞባይል ያን አግዳሚ በተነው።

ክልሉ ራሱ ስክሪን ላይ የሚወጣው በሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ኅዳር 29 ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዘጠነኛው በዓል በ2007 ዓ.ም. የተከበረው አሶሳ ላይ ነበር፤ ከተማዋ ያኔ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ሁሉ ታየች። በዓሉ ለማይተዋወቁ ሕዝቦች መተያያ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መድረክ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ልብስ፣ አንድ ዘፈን፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሌሊቱን የሚያነጋው ዋዛ ጀምሮ ሳይሞቅ ያበቃል። ካሜራው ረጅሙን ቅል ያሳያል፣ ነፊዎቹ እንዴት እንደሚቀባበሉ ግን አያሳይም፤ ያን ለማየት ረጋ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ መድረክ ላይ ግን ቅሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የቶቡም ነገር እንዲሁ ነው። መድረኩ ለአንድ ሕዝብ የእርሱ ብቻ የሆነ ልብስ ይፈልጋል፤ የአሶሳ ሴት የምትለብሰው ግን ከጎረቤት ጋር የምትጋራውን ነው።

ሁለተኛው በክልሉ ጉባ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ነው። ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ምርቃት ድረስ ጉባ ከስክሪን አልጠፋም። ግዙፉን ኮንክሪት፣ ተርባይኑን፣ ውሃውን አይተነዋል፤ ስንት ዘፈን ተዘፈነለት! የጉባን ሰው ግን፣ ጉሙዙን፣ ከ14 ዓመት ምስል ውስጥ ስንት ደቂቃ ሲናገር ሰማነው? ግድቡ የሁላችን ሲሆን ያገሩ ሰው ከፍሬሙ ወጣ።

ይህ እየሆነ ሳለ ድንበሩ ሥራውን አላቆመም። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ባምባሲ በ2012 ተከፍተው ነበር፤ የሱዳኑ ጦርነት በ2023 ሲፈነዳ በኩርሙክ የገባውን ሰው ለማስጠለል ኡራ በ2024 ተጨመረ። ስደተኛው ከነድስቱና ከነዜማው ነው የሚመጣው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ካርቱም ጎዳና ላይ ቡናና ሻይ ሲሸጡ እንደኖሩት ሁሉ፣ አሁን ተራው ወዲህ ሆኗል። ከዓባይ ሸለቆ የመጣው ፉልም ቢሆን አዲስ አበባ ቁርስ ላይ የተቀመጠው ማንም ፌስቲቫል ሳያዘጋጅለት ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ባህል ከመድረኩ ይልቅ ገበያው፣ ሰፈራውና ድንበሩ ቀርጸውታል፤ ሰውን በብዛት የሚጠይቀው ክፍሉ ደግሞ፣ ዋዛው፣ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የምለምነው ካሜራ የያዛችሁትን ነው። በሚቀጥለው መኸር አሶሳ ስትሄዱ አምስት ደቂቃ ቀርጻችሁ አትመለሱ። ካሜራውን መሬት ላይ ትከሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ ከእያንዳንዱ ነፊ ፊትም አንድ ማይክ አድርጉ። የዐሥራ ሁለቱም ድምፅ ለየብቻ ካልተቀዳ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲያልፍ ማን ምን እንደሚነፋ ለልጆቹ የሚያስተምር አይገኝም።